ሃሪኬን ተራራ ይወጣል እንዴ?



አሜሪካ ውስጥ የጭነት መኪና የሚነዳ አንድ የድሮ ተማሪዬ አለ። አንድ ቀን ስንደዋወል እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ በሰሜን ካሮላይና ተራሮች አልፎ ወደ ቴነሲ የሚሄደው አይ-40 የሚባለው አውራ ጎዳና ወንዝ ውስጥ ስለተናደ ለወራት ዞረን ነው የሄድነው። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሃሪኬን የባሕር ዳር ጣጣ አይደል እንዴ? ተራራ ላይ ምን ሊሠራ ወጣ?»

ክፍል ውስጥ ቢጠይቀኝ ኖሮ የዕለቱን ትምህርት ትቼ እሱን ነበር የማስተምረው። በስልክ ግን በደንብ አልመለስኩለትም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። (የአሜሪካውን ታሪክ የምነግራችሁ በእነሱው አቆጣጠር ነው።)

ከቅርቡ ልጀምር። ሴፕቴምበር 26 ቀን 2024፣ ሐሙስ ሌሊት፣ ሄለን የተባለችው ሃሪኬን ፍሎሪዳ ገባች። ነፋሷ በሰዓት 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በማግስቱ ዓርብ ጠዋት አሽቪል የምትባል ከተማ በጎርፍ ተጥለቀለቀች። አሽቪል የት ናት? ብሉ ሪጅ በሚባሉ ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ወለል 650 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፣ ሄለን ከገባችበት የባሕር ዳርቻ በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ርቃ ነው ያለችው። እንዲያውም «የአየር ንብረት ለውጥ የማይደርስባት» እየተባለች ሰው ከሌላ ቦታ ወደ እሷ ይሄድ ነበር።

ነፋሱ እዚያ እስኪደርስ ድረስ ደክሟል። ውኃው ግን አልደከመም። ፍሬንች ብሮድ የሚባለው ወንዝ መለኪያው ላይ ወደ 7 ሜትር ተኩል ወጣ። በሰሜን ካሮላይና ብቻ ከ100 በላይ ሰው ሞተ። ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ የከተማዋ የውኃ ቧንቧዎች ተጠራርገው ሄዱ። የአሽቪል ነዋሪ ከቧንቧው የሚጠጣ ውኃ እንደገና ያገኘው ከ53 ቀን በኋላ ነው። መኪና የማይደርስባቸው መንደሮች ምግብና መድኃኒት በምን ሄደላቸው መሰላችሁ? በበቅሎ! በ2024፣ አሜሪካ ውስጥ፣ በበቅሎ።

«ታይቶ የማይታወቅ» ተባለ። እዚህ ላይ ነው የታሪክ አስተማሪ እጁን የሚያወጣው። ታይቶ ይታወቃልና!

ጁላይ 1916 ላይ ሁለት ማዕበሎች ተከታትለው መጡ። የመጀመሪያው በወሩ መጀመሪያ ከደቡብ ገብቶ ተራሮቹን አራሰ። ሁለተኛው ከአትላንቲክ በኩል፣ በቻርልስተን አቅራቢያ ገብቶ ውኃ በጠገበው አፈር ላይ ዘነበ። አልታፓስ በምትባል የተራራ መንደር በ24 ሰዓት 564 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተለካ። አዲስ አበባ በዓመት የምታገኘውን ዝናብ ግማሽ ያህሉን በአንድ ቀን አስቡት። እሑድ ጁላይ 16 ያው ፍሬንች ብሮድ አሽቪልን አጥለቀለቀ። ወደ 80 ሰው አለቀ። ወንዙ ያኔ መለኪያው ላይ 7 ሜትር ደርሶ ነበር። ያ ቁጥር 108 ዓመት ሙሉ ተጽፎ ተቀምጧል።

ሌላም አለ። ኦገስት 1969 ካሚል የተባለችው ሃሪኬን ሚሲሲፒን መታች። ባሕር ዳር ያለው ሰው ቀድሞ ስለተነገረው በብዛት ሸሽቶ ነበር። ከዚያ ወደ ውስጥ ስትገባ «በቃ፣ አለቀላት» ተባለ። ከሁለት ቀን በኋላ ግን በቨርጂኒያ ተራሮች፣ ኔልሰን ካውንቲ በሚባለው አካባቢ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ በአንድ ሌሊት ወደ 700 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣለች። ተራራው ከነዛፉ ተንሸራተተ። በዚያች ትንሽ ካውንቲ ብቻ 124 ሰው ሞተ ወይም ጠፍቶ ቀረ። ማንም አላስጠነቀቃቸውም።

እንግዲህ የተማሪዬ ጥያቄ፦ ለምን ተራራ ላይ?

ጋቢ አጥባችሁ ጠምዝዛችሁ ታውቃላችሁ? ከባሕር የመጣው ደመና ውኃ እንደጠጣ ጋቢ ነው። ተራራው ያንን አየር ወደ ላይ ይገፋዋል፤ አየሩ ከፍ ሲል ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ውኃ መሸከም ያቅተዋል። ተራራው ይጠመዝዘዋል ማለት ነው። ሜዳ ላይ ቢዘንብ ይተኛ የነበረው ውኃ እዚህ በጠባብ ሸለቆ ተሰብስቦ ይወርዳል። ትናንት ልጆች የሚንቦጫረቁበት ጅረት በሰዓታት ውስጥ ቤት ይወስዳል። ደግሞ ልብ በሉ፤ ከ1 እስከ 5 ያለው የሃሪኬን ደረጃ የሚለካው ነፋሱን ብቻ ነው። ውኃውን አይለካም። ስለዚህ «ደረጃዋ ቀንሷል» ሲባል ተራራ ላይ ያለው ሰው ተረጋግቶ ይተኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባሕር ዳር ላይ ሽሽት ማለት መኪና አስነስቶ ከባሕሩ መራቅ ነው። ተራራ ላይ ግን መንገዱ የተሠራው በወንዙ ዳር ዳር ነው፤ ሌላ ቦታ የለውማ! ድልድዩም እዚያው፣ የኤሌክትሪክና የስልክ ምሰሶውም እዚያው። ወንዙ ሲሞላ መጀመሪያ የሚወስደው መሸሻውን ነው። የተማሪዬ አይ-40 የተናደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከአምስት ወር በኋላም የተከፈተው በየአቅጣጫው በአንድ አንድ መስመር ብቻ ነበር። አባቶቻችን ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ። ሰው «ትንሽ ልየው» እያለ ሲጠብቅ፣ መውጣት አለብኝ ብሎ ሲወስን መንገዱ የለም።

በ2024 እንደ 1969 ማስጠንቀቂያ አልጠፋም። የአሜሪካ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ከአንድ ቀን በፊት የሚመጣውን ከ1916ቱ ጎርፍ ጋር አነጻጽሮ ተናግሯል። ግን 1916ን ማን ያስታውሳል? ያየው ሰው ሞቷል። በሕዝቡ ግን አልፈርድም። ዛሬ እኔን «ቤትህን ለቀህ ውጣ» ቢሉኝ ወዴት? በምን ገንዘብ? አሮጊት እናቴንስ ማን ይሸከማታል? እያልኩ እቀመጥ ነበር። እነዚህ ጥያቄዎች ዝናቡ ሳይጀምር መልስ ካላገኙ፣ ሲጀምር መልስ አያገኙም።

ስለዚህ በዚያ አካባቢ ለምትኖሩ ልጆቼ ይኸው የቤት ሥራ፦

አንደኛ፣ ከቤታችሁ በእግር የሚደረስበት ከወንዙ ከፍ ያለ ቦታ የቱ ነው? ከፍ ያለ ሁሉ ግን ደኅና አይደለም፤ በተቆረጠ ወይም ውኃ በሚወርድበት ቁልቁለት ሥር አትቁሙ። በሄለን ጊዜ ከ2,000 በላይ የመሬት መንሸራተት ተቆጥሯል።

ሁለተኛ፣ የምትወጡበትን ምልክት አሁኑኑ ወስኑ። «ውኃው እዚያ ድንጋይ ጋ ከደረሰ» ወይም «ማስጠንቀቂያው ከተነገረ» በሉ። ሳይጨልም ውጡ።

ሦስተኛ፣ በጎርፍ ላይ አትንዱ። 30 ሴንቲ ሜትር የሚሮጥ ውኃ ትንሽ መኪና ይወስዳል።

አራተኛ፣ ፓስፖርትና ወረቀታችሁን በላስቲክ፣ ውኃ በጀሪካን፣ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ አስቀምጡ። ጎረቤታችሁን እወቁ፤ ስልክ ሲጠፋ የሚያንኳኳላችሁ እሱ ነው።

«እኛ ጋ ሃሪኬን የለ፣ ምን አገባን?» የምትሉ ድሬዳዋን አስታውሱ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከላይ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ሌሊት ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ማዕበሉ ስሙ ይለያይ እንጂ ከላይ የተጠመዘዘ ውኃ ታች የተኛውን ሰው ሲያገኘው ያው ነው።

ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው ነገሩ። ወንዝ አንዴ የደረሰበትን ቦታ አይረሳም፤ የምንረሳው እኛ ነን። እስቲ በሰፈራችሁ በዕድሜ የገፉትን «ወንዙ ድሮ እስከ የት ደርሶ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ከታች ጻፉልኝ። አንተም ልጄ፣ መንገድህ የቀና ይሁን። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ።