ዐይን ያመነውን እጅ ሲጠራጠር

የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን ስለ ሰው ተፈጥሮ ሲያስተምሩ አምስቱን የአፍአ ሕዋሳት፥ ማለት ርእይን፣ ሰሚዕን፣ አጼንዎን፣ ጥዕምንና ገሢሥን በየተራ ይዘረዝራሉ። ከእነዚህ መካከል በመጨረሻ የሚጠራው ገሢሥ፥ ይኸውም መዳሰስ፥ በተራው ዝቅ ያለ ቢመስልም በምስክርነቱ ከሁሉ የጸና መሆኑን ለማስረዳት የሐዋርያው ቶማስን ነገር ማስታወስ ይበቃል፤ ባልንጀሮቹ በዐይናቸው ያዩትን ሲነግሩት፥ እርሱ በእጁ ዳስሶ ካላረጋገጠ በቀር እንደማያምን አስታውቆ ነበርና። ባለፉት ስድሳ ዓመታት በኮምፒዩተር ኀይል ምናባዊ ዓለምን ለማቆም፥ በውስጡም ምናባውያን ሰዎችን ለማኖር የደከሙት ሊቃውንት ታሪክ ሲመረመር የሚገኘውም ይኸው ነው፤ ዐይንን ማሳመን ከዘመን ወደ ዘመን እየቀለለላቸው ሄደ፥ እጅን ማሳመን ግን እስከ ዛሬ አልተፈጸመላቸውም።

ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ብንከተል፥ ሞርተን ሃይሊግ የተባሉ አሜሪካዊ የፊልም ባለሙያ በ1962 ሴንሶራማ ለተባለው መሣሪያቸው የፈጠራ መብት አገኙ። መሣሪያው ተመልካቹን በወንበር አስቀምጦ፥ ሥዕልን ከድምፅ፥ ነፋስን ከሽታና ከወንበሩ መንቀጥቀጥ ጋራ አስተባብሮ፥ በብሩክሊን ጎዳናዎች በሞተር ብስክሌት የሚጋልብ እስኪመስለው ድረስ ስሜቱን የሚማርክ ነበር። ሆኖም የተቀመጠው ሰው ማንም ቢሆን ምንም ቢያደርግ የሚታየው ያው አስቀድሞ የተቀረጸ ፊልም ስለ ነበር፥ ያ ዓለም ለእንግዳው መልስ የሚሰጥ አልነበረም።

መልስ የሚሰጠውን ዓለም በጽሑፍ ያመለከቱት አይቫን ሰዘርላንድ ናቸው። እኒህ ሊቅ በ1965 ባቀረቡት አጭር መጣጥፍ የምርምሩን ፍጻሜ ሲተልሙ፥ ኮምፒዩተር የቁስን ህልውና ራሱን የሚያዝበት፥ በውስጡ የሚታየው ወንበር የሚቀመጡበት፥ የሚታየውም የእጅ ሰንሰለት በእውነት የሚያስር የሚሆንበትን ክፍል አሰቡ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ከተማሪዎቻቸው ጋራ የሠሩት፥ ከክብደቱ የተነሣ ከጣራ ተንጠልጥሎ በራስ ላይ የሚጠለቀው የማያ መሣሪያ ግን፥ ለተመልካቹ የሚያሳየው በመስመር ብቻ የተነደፉ ቅርጾችን ነበር። እርግጥ ሰውየው ራሱን ባዞረ መጠን ሥዕሉም በዚያው ቅጽበት አብሮ ይዞር ስለ ነበር፥ ዐይን ድርሻዋን መቀበል ጀመረች፤ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ግን በጽሑፍ ቀረ።

የእጅ ታሪክ የተጀመረው ከዚህ ሁሉ በተለየ ስፍራ፥ ለጨዋታም ለትርኢትም ባልታሰበ ሥራ ነው። በቺካጎ አጠገብ በሚገኘው በአርጎን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ፥ የአቶም ሊቃውንት ገዳይ ጨረር የሚያመነጩ ነገሮችን በባዶ እጅ መንካት ስለማይቻላቸው፥ ሬይመንድ ጎርትዝ የተባሉ መሐንዲስ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጥንድ የብረት ክንዶችን አበጁ። ሠራተኛው ከወፍራም መከላከያ ግድግዳ ወዲህ ሆኖ አንዱን ክንድ ሲያንቀሳቅስ፥ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሌላው ክንድ እንቅስቃሴውን ይደግመዋል። በ1954 ደግሞ ክንዶቹ በኤሌክትሪክ ሞተር እንዲያያዙ ሲደረግ፥ ሩቁ ክንድ የገጠመው ግፊት ተመልሶ በሠራተኛው እጅ ላይ የሚሰማ ሆነ። በመካከላቸው የነበረው ማያያዣ ብረት ቀርቶ ሽቦ ብቻ በቀረ ጊዜ፥ መዳሰስ ከሥጋ ርቆ መጓዝ የሚችል መሆኑ ታወቀ።

የዚህን ነገር ምስጢር አጥልቀው ካስተዋሉት አንዱ በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በቻፕል ሂል ያስተምሩ የነበሩት ፍሬድሪክ ብሩክስ ናቸው። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ክንድ ቢወገድና በእርሱ ፈንታ ኮምፒዩተሩ ሊገጥመው የሚገባውን ግፊት አስልቶ ወደ ሞተሮቹ ቢልክ፥ የሰው እጅ በዓለም ላይ የሌለውን ነገር ሊዳስስ እንደሚችል ተረድተው፥ በ1967 ግሮፕ የተባለውን ምርምር ጀመሩ። የዘመኑ ኮምፒዩተሮች ግን ለዚህ አቅም ስላልነበራቸው፥ አሳቡ ማሽኑን እየጠበቀ ብዙ ዓመታት አለፉ። በ1990 ውጤቱ ሲገለጥ፥ ኬሚስቶች የአርጎንን ክንድ ጨብጠው የመድኀኒትን ሞለኪዩል በፕሮቲን ጉድጓድ ውስጥ ለማስገባት ሲሞክሩ፥ የአቶሞቹን መሳሳብና መገፋፋት በእጃቸው ያውቁት ነበር።

ይህን ያህል ዘመን ያስፈጀው ምክንያት ምንድን ነው ቢሉ፥ የሁለቱ ሕዋሳት ጠባይ ልዩነት ነው። ዐይን በሴኮንድ 24 ወይም 30 ሥዕል ቢቀርብላት ነጣጥላ ሳታይ እንደ አንድ ተከታታይ እንቅስቃሴ ትቀበላለች፤ እጅ ግን ጠንካራ ግድግዳ ነካሁ ብላ እንድታምን ስሌቱ በሴኮንድ 1,000 ጊዜ ያህል መታደስ አለበት፤ ከዚህ በብዙ ቢያንስ ግድግዳው እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፥ ወይም በጣት ሥር ይንቀጠቀጣል። ከዚህም በላይ ዐይንና ጆሮ ተቀባዮች ብቻ ሲሆኑ፥ እጅ ሰጪም ተቀባይም ናት፤ የምትገፋውን ነገር ትለውጣለች፥ የተለወጠውም ነገር መልሶ ይገፋታል። ስለዚህ እጅን የሚያሳምን መሣሪያ ረቂቁን አሳብ ግዙፍ አድርጎ፥ በእውነተኛ ኀይል መግፋት አለበት።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ቶማስ ማሲ የተባሉ ተማሪ ከመምህራቸው ከኬኔት ሳልዝበሪ ጋራ ፋንተም የተባለውን መሣሪያ ሠሩ። ተጠቃሚው ጣቱን በመስፊያ ቆብ መሰል ነገር ውስጥ ሲያስገባ፥ በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችው ቀጭን የብረት ክንድ የማይገኘውን ነገር ጠርዝና ልስላሴ በጣቱ ጫፍ ላይ ታሳድር ነበር። የአቶም ሠራተኞች ግዙፍ ክንድ በዚህ ዐይነት ከጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ዕቃ ሆነች።

ምናባዊው ሰው ደግሞ በሌላ መንገድ ይመጣ ነበር። በ1960ዎቹ ዊልያም ፌተር በቦይንግ ኩባንያ የአውሮፕላን ነጂውን ወንበር ለመመጠን የሰውን አካል በኮምፒዩተር መስመር ነድፈው ነበር፤ በ1987 ናዲያ ማኛ ታልማንና ዳንኤል ታልማን በሞቱት በማሪሊን ሞንሮና በሃምፍሪ ቦጋርት አምሳል የተሠሩ ሁለት ተዋንያን በሞንትሪያል የሚገናኙበትን አጭር ፊልም አሳዩ። የዚያ ፊልም እያንዳንዱ ሥዕል አስቀድሞ በብዙ ድካም የተሰላ ነበር። ሁለቱ ሊቃውንት በኋላ በስዊዘርላንድ፥ አንዳቸው በጄኔቭ አንዳቸው በሎዛን ቤተ ሙከራ አቋቁመው፥ በ1997 በሁለቱ ከተሞች የቆሙ ሁለት ተጫዋቾች በአንድ ምናባዊ ሜዳ ቴኒስ ሲጫወቱ አሳዩ፤ ዳኛው ግን ከሰው ወገን ያልሆነ፥ ጨዋታውን በራሱ እየተከታተለ የሚፈርድ ምናባዊ ሰው ነበር። ከዚያም በ2004 በተጀመረው ሃፕቴክስ በተባለው የአውሮፓ ኅብረት ምርምር፥ የጄኔቩ ቤተ ሙከራ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጋራ ሆኖ፥ በማያ ላይ የሚታየውን ጨርቅ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዞ የመዳበስን ነገር ሞከረ።

ሰውና ሰው በምናብ ዓለም ውስጥ የተነካኩበት ታላቅ ሙከራ የተደረገው ኦክቶበር 29 ቀን 2002 ነው። አንዱ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ፥ ሌላው በለንደን ሆነው፥ በፋንተም አማካይነት አንድ ምናባዊ ሣጥን ከሁለት ወገን ይዘው አብረው አነሡ፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ግፊቱን በእጁ አወቀ። ነገር ግን በመካከላቸው 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ነበረ፥ ብርሃን እንኳ በመስታወት ክር ውስጥ ደርሶ ለመመለስ 50 ሺኛ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚያም ጊዜ ውስጥ እጅ 50 መልስ ስትጠብቅ ትቆያለች። ይህ የብርሃን ፍጥነት ወሰን ስለሆነ፥ በገንዘብም በጥበብም የሚሻር አይደለም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይበጃል ለሚል፥ መልሱ በሕክምና ቤት ይገኛል። ዳ ቪንቺ የተባለው የቀዶ ጥገና ሮቦት በ2000 በአሜሪካ ሲፈቀድ፥ ሐኪሙ በዐይኑ አጥርቶ ቢያይም የሚነካውን ሥጋ ግፊት በእጁ አያውቅም ነበር፤ ግፊቱን ለሐኪሙ እጅ የሚመልሱ መሣሪያዎች ያሉት አምስተኛው ትውልድ የተፈቀደው በ2024 ነው። ጎርትዝ በ1954 ለአቶም ሠራተኞች ያበረከቱት ጸጋ ለዚህ ሐኪም ለመድረስ 70 ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ምናባውያን ሰዎች ከእውነተኞቹ የማይለዩበት ዓለም ደርሷል የሚል ወሬ በየጊዜው ሲነገር፥ አንባቢው በሥዕሉ ማማር ብቻ እንዳይፈርድ እናሳስባለን። የፊቱ ወዝና የልብሱ መወዛወዝ ከሥራው ሁሉ የቀለለው ክፍል ነው፤ ከባዱ ክፍል ያ ምናባዊ ሰው እጁን ሲዘረጋ የሚጨብጠው ሰው የሚሰማው ነው፥ እርሱም ገና በጣት ጫፍ ደረጃ ላይ ይገኛል።