የአባቴ ትራፓኖ

ታሪክ ሲባል ዘውድና ጦር ሜዳ ብቻ ትዝ ለሚለው አንባቢ የዛሬው ጽሑፌ ጉዳይ እጅግ ያነሰ ሊመስለው ይችላል። ጉዳዩ አንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ መብሻ ነው። የዛሬ ልጆች ‹‹ድሪል›› ይሉታል፤ አናጢው አባቴ ግን ‹‹ትራፓኖ›› ይለው ነበርና ስሙን አልለውጥበትም።

አባቴ የሚሠራው ኮልፌ፣ አጠና ተራ አካባቢ ነበር። ትራፓኖው የጀርመን ሥሪት፣ መላ አካሉ ብረት የሆነ ከባድ ዕቃ ነው። የፋብሪካው ሰሌዳ በእጅ ላብ ተፍቆ ጠፍቷል፤ አባቴ በምስማር የጫረው የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ግን እጀታው ላይ ዛሬም ይነበባል። እሱ ካረፈ በኋላ መሣሪያው አራት ዓመት ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። ባለፈው ክረምት የእናቴን መዝጊያ ላበጅ አውጥቼ ብሰካው፣ አንዴ አጓርቶ፣ ሰማያዊ ብልጭታ ተፍቶ፣ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ትቶ ዝም አለ።

‹‹ለቁራሌው ስጠውና ይገላግለን›› አለች እናቴ። ‹‹አባትህንም አንድ ቀን ይዞት ሊገድለው ነበር።››

እጄ እሺ አላለኝም። እዚያው ሰፈራችን፣ በላሜራ በተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሞተር ለሚጠቀልሉ አንድ አዛውንት ወሰድኩት። መነጽራቸውን አጥልቀው ለረዳታቸው ‹‹ካቻቢቴ አምጣ፤ ፒንሳውን አቀብለኝ፤ ሞርሳው ላይ እሰርልኝ›› ማለት ሲጀምሩ፣ የመጣሁበትን ጉዳይ ረስቼ ቃላቱን መቁጠር ያዝኩ።

ጣልያን አዲስ አበባን የያዘው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱትም በዚያው ዕለት በ1933 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ አምስት ዓመታት ወራሪው መንገድ ቀየሰ፣ ጋራዥ ከፈተ፤ የአራዳንም ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ አዛወረው። ጦሩ ተሸንፎ ሲወጣ ከጣልያናውያኑ መካኒኮችና አናጢዎች ጥቂት የማይባሉት እዚሁ ቀሩ። የእኛ ሰዎችም ከጎናቸው ቆመው ሙያውን ከነስሙ ተቀበሉ፦ ትራፓኖ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ላሜራ፣ ሰጋቱራ። ይህ የወረራውን ግፍ የሚያስረሳ ውለታ አይደለም። ነገር ግን ጠመንጃው ሲሄድ መፍቻው ቀርቷል።

መሣሪያው ራሱ ከዚያ ብዙም አይርቅም። በእጅ የሚያዘውን የኤሌክትሪክ መብሻ በሽቱትጋርት ከተማ የነበረው የፋይን ድርጅት የሠራው እ.ኤ.አ. በ1895፣ ማለትም ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እንደ ሽጉጥ የሚጨበጠውን ቅርጽ ደግሞ የአሜሪካው ብላክ ኤንድ ዴከር በ1917 የባለቤትነት መብት አገኘበት። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የጃፓኑ ማኪታ ነው። በ1915 በናጎያ ሥራ ሲጀምር ሞተርና ትራንስፎርመር የሚሸጥና የሚጠግን ቤት ነበር፤ የኤሌክትሪክ መላጊያ ለገበያ ያቀረበው ከ43 ዓመት በኋላ፣ በ1958 ነው። እዚያ ጠጋኙ ፋብሪካ ሆነ። የእኛው ጠጋኝ ጠጋኝ ሆኖ የቀረው ስለ ምንድን ነው?

አንዱ መልስ ንቀት ይመስለኛል። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን ስንሰድብ ኖረናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት፣ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ ቢያዩት ነው። ሌላው መልስ መለዋወጫ ነው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ታላላቅ የግል ድርጅቶችን ከወረሰ በኋላ፣ ለአንድ የኮልፌ አናጢ መሣሪያ የሚሆን ዕቃ ከጀርመን የሚያስመጣ ምንዛሪ ማግኘት ጭንቅ ሆነ። ጠጋኙ ያለውን አብቃቅቶ መኖር ግድ አለው፤ አዲስ ነገር ለመሥራት ፋታ አላገኘም።

ይህን ሁሉ የተረዳሁት ትራፓኖው ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ነው። ‹‹ሦስት ጊዜ ተከፍቷል›› አሉኝ አዛውንቱ። ኤሌክትሪክ ወደሚሽከረከረው ክፍል የሚያስተላልፉት ሁለቱ ካርቦኖች የራሱ አልነበሩም፤ ከመኪና ዳይናሞ ተወስደው በሞረድ የተሳሉ ናቸው። ከአሮጌ የራዲዮ ድንጋይ ካርቦን አውጥቶ የሚሠራም ነበር፤ ‹‹ለአንድ ሳምንት ይሠራል፣ ከዚያ ያበላሻል›› አሉ። ካርቦኑ ከልክ በላይ ከጠነከረ መዳቡን ይበላዋል፤ ከላላ ደግሞ ፈጥኖ ያልቃልና። አንደኛው ቦኮላ በቶርኖ ከነሐስ የተቀረጸ ነው። የማርሹ አንድ ጥርስ ተሰብሯል፤ መተኪያው የተገኘው ለበርካታ ዓመታት ያረጀ ዕቃ እየተፈታ ሕይወት ሲዘራበት ከኖረው ከመርካቶው ምናለሽ ተራ ነው። ኩሽኔታው ብቻ አላስቸገረም። በጠርዙ 6201 ተብሎ ተጽፏል፤ ይህ ቁጥር ያለበት ኩሽኔታ በየትም አገር ይሠራ ውስጡ 12፣ ውጭው 32፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የጀርመኑ አሮጌ ብረት ትናንት ቻይና ውስጥ የተሠራውን ሳያንገራግር ተቀበለ።

የተቃጠለው ‹‹አርሚቸር›› የሚሉት የሞተሩ ልብ ነበር። አዛውንቱ ሽቦውን ሲፈቱ ዙሩን አንድ በአንድ ቆጥረው፣ ውፍረቱን ለክተው፣ አቅጣጫውን በደብተር ላይ ሥለው ያዙ። በአንድ ዙር ቢሳሳቱ ሚዛኑ ይዛባል። የብር ኖት ስቆጥር ለምውል ለእኔ ይህ ጥንቃቄ እንግዳ አልነበረም። ልዩነቱ፣ እኔ ቆጥሬ ለሌላ አስረክባለሁ፤ እሳቸው ቆጥረው መልሰው ይጠቀልላሉ።

በባንክ ሠራተኛ ዓይን ካየነው ጥገናው ኪሳራ ሊመስል ይችላል፤ ዋጋው ከአንድ አዲስ መብሻ ብዙም አይርቅም። ይሁንና ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲደርስ፣ የአዲሱ ዋጋ እየሸሸ ሄደ። ‹‹አሮጌ ነው›› የተባለ ዕቃ ሁሉ እንደገና ከየሳጥኑ ሲወጣ አየሁ።

ከአዛውንቱ ጋር የተከራከርነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በገመዱ። አባቴ በተላጠበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ፕላስተር የጠቀለለበት፣ ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ገመድ ነበር። እጁ ያረፈበት ስለሆነ እንዲቀር ለመንኳቸው።

‹‹አልመልስልህም›› አሉኝ። ‹‹ልጄ፣ የአባትህ መታሰቢያ ፊደሉ ነው። ገመዱ ሞት ነው።››

ነገሩን አስረዱኝ። የዛሬዎቹ መብሻዎች አካላቸው ፕላስቲክ ስለሆነና ድርብ መከላከያ ስላላቸው በሁለት ሽቦ ይሠራሉ። አካሉ ብረት ለሆነው አሮጌ መሣሪያ ግን ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ሦስተኛ ሽቦ የግድ ነው፤ አለዚያ ውስጡ አንድ ሽቦ ሲላጥ ኤሌክትሪኩ የያዘውን ሰው እጅ መሄጃ ያደርጋል። እናቴ ያነሣችው ያ ቀን በዓይኔ መጣ። ቤታችን ሄጄ ሶኬቱን ባስፈትሸው የመሬት መስመር አልነበረውም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው በዕድል ነው ማለት ነው። መስመሩ እስኪዘረጋ ድረስ ትራፓኖውን አልሰካሁትም።

ያለፈውን መውደድ ሁለት መልክ እንዳለው የገባኝ ያኔ ነው። አንዱ አሮጌውን ሁሉ ለቁራሌ ይሰጣል፤ ሌላው አደገኛውንም ገመድ ‹‹የአባት ነው›› ብሎ ያቅፋል። ጠጋኙ ግን በሁለቱ መካከል ተቀምጦ፣ የሚቀረውን ከሚጣለው በጣቱ እየዳበሰ ይለያል። ለአገርም ቢሆን ከዚህ የተሻለ የታሪክ አያያዝ አላውቅም።

የእናቴ መዝጊያ ተበጀ። እሷ ግን እስክጨርስ ድረስ ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ቆማ ነበር። ማታ ደብተሬ ላይ ይህችን ጻፍኩ፦

ልቡን አስጠቅልለን፣ ጥርሱን ለወጥንለት፤
ክፉውን ገመድ ግን ቆርጠን ጣልንለት።
ከአባቴ የቀረች ያች አንዲት ፊደል ናት፤
ብረቱ ሲዞር ነው እጁን ያየሁባት።