ባለሜዳው እንግዳ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባ ስታዲየም ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን የተቀበለው ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ነበር። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። በመዝገብ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ናት፤ ጨዋታው የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ውስጥ ነው። ካፍ የአገራችን ስታዲየሞች መለኪያዬን አያሟሉም ብሎ ነበርና።

ታዲያ ኳሳችን ገበያ አጥቶ ነውን? አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ የቴሌቪዥን መብቱን ለዲኤስቲቪ ሸጠ፤ ስሙንም ለአወራራጁ ቤትኪንግ አከራየ። የ1954ቱ ቡድን አሠልጣኝ፣ ኋላም ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የካፍ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ግን የሲጋራና የመጠጥ ማስታወቂያ ወደ አፍሪካ ኳስ እንዳይገባ ይሟገቱ ነበር።

ገበያ በራሱ ነውር የለበትም፤ ተጫዋች በላቡ ሊያድር ይገባዋል። ዳሩ ግን ቦሌ ላይ በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየም ሳይደርስ፣ ምስሉ ከሜዳው ቀድሞ ተሸጠ። አባት ከኮልፌ 18 ማዞሪያ በታክሲ ወርዶ ይመለከተው የነበረውን ብሔራዊ ቡድን፣ ልጁ ከባሕር ማዶ በሚመጣ ምስል ተመለከተው። ድሉን አይቷል፤ ሆኖም ጩኸቱ ለተጫዋቾቹ አልደረሰም። ስታዲየም የሚሠራው ደግሞ ለዚያ ጩኸት ነው።