ጓሮ፣ ዶማና ጥቁር ሰሌዳ፤ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ልጆችን አትክልት ማልማት የማስተማር ታሪክ



የዛሬው ርእሴ በአንድ ጥያቄ ሊጠቃለል ይችላል፤ ልጅ አትክልት መትከልን የሚማረው ከማን ነው? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም፣ ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባለው ምድር በመንግሥት፣ በትምህርት ቤትና በቤተሰብ መካከል የነበረውን ግንኙነት ይገልጥልናል። የምሟገተው እንዲህ ብዬ ነው፤ በየዘመኑ የነበሩ መንግሥታት ዶማን ወደ ትምህርት ቤት ለማስገባት ሞክረዋል፤ ሙከራቸው ሥር ያልሰደደው ግን የጓሮውን እውቀት እንደ እውቀት ስላልቆጠሩት ነው።

አስቀድመን ጓሮውን እንመልከት። በቤንች፣ በሸኮና በካፋ ሕዝቦች ዘንድ ከቤቱ አጠገብ እንሰት፣ ጎደሬ፣ ቦዬ፣ ጎመን፣ ኮረሪማና ቡና ተቀራርበው ይበቅላሉ። ይህ አቀማመጥ በራሱ ሥርዓተ ትምህርት ነው። ጎመን በጥቂት ሳምንታት ለመቀንጠስ ይደርሳል፤ ስለዚህ ትንሽ ልጅ የድካሙን ፍሬ ቶሎ ያያል። ቦዬ መደገፊያ እንጨት ይፈልጋል፤ ልጁ እንጨቱን ሲተክል ሐረጉ የሚጠመጠምበትን ሁኔታ ያስተውላል። እንሰት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሥሩ ያለው አሚቾ ተቆርጦ እምቡጡ ከተወገደ በኋላ ይቀበራል፤ ከአንዱ አሚቾም ብዙ ችግኞች ይወጣሉ። ችግኙ ለመብል እስኪደርስ በርካታ ዓመታት ስለሚወስድ፣ በሕፃንነቱ ከእናቱ ጋር የተከለ ልጅ የሚበላው ካደገ በኋላ ነው። ኤሊዛቤት ሂልደብራንድ የተባሉት አርኪዮሎጂስት በሸኮ ሕዝብ ዘንድ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ የዱርና የለማ ቦዬ እንዲሁም እንሰት ከሰዎች ጋር ያላቸውን ግንኙነት መርምረዋል። የጥናቱ ፋይዳ ለእኛ ግልጽ ነው፤ የአካባቢው ገበሬ የዕፅዋትን ማላመድ ታሪክ ለመረዳት የሚያስችል እውቀት ባለቤት ነው።

ይህ ቅብብል አንድ ጊዜ በከባዱ ተናግቷል። የካፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 ከወደቀ በኋላ የገባር ሥርዓትና የባሪያ ፍንገላ በአካባቢው ሕዝብ ላይ ብርቱ ጉዳት አደረሱ። የዓመት እህል የሚዘራ ቤተሰብ ከስደት ሲመለስ በአንድ ክረምት ማሳውን ሊያቀና ይችላል፤ የእንሰት ጓሮ ግን ዓመታትን ይፈልጋል። ቤተሰብ ሲበተን ተክሉም፣ ተክሉን የሚያስተምረው ሰውም አብረው ይጠፋሉ።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ራሱን ያስተዋወቀው ከገበሬነት መውጫ በር አድርጎ ነበር። ለዚህም ነው በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ሴክተር ሪቪው ያን ያህል ቁጣ የቀሰቀሰው። ጥናቱ ለብዙኃኑ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥና ትምህርቱ ከገጠር ኑሮ ጋር እንዲተሳሰር ሐሳብ አቀረበ። በወረቀት ላይ ሲታይ ምክንያታዊ ነበር። ነገር ግን የድሃው ልጅ ወደ ዶማው ሲመለስ የባለጸጋው ልጅ ወደ ላይኛው ደረጃ እንደሚያልፍ ወላጆች ተረዱ። መምህራንም በራሳቸው ጥያቄዎች ላይ ይህን ጨምረው በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማቆም ተገደደ። ወላጆቹ የተቃወሙት አትክልትን አልነበረም፤ ዶማ የልጃቸው የዕድል ወሰን እንዲሆን መደረጉን ነበር።

ደርግ ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ ያዘው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ፤ ከዚያም ትምህርት ከምርት ጋር እንዲያያዝ ተወሰነ። ግብርና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ውስጥ ቦታ ነበረው። ሆኖም የትምህርት ቤቱ መደብ የምርት ግዴታ ሲሆን፣ ለልጁ ትምህርትነቱ ይቀንሳል፤ ኩትኮታውም እንደ ቅጣት ይታያል። በ1977ቱ ድርቅ ምክንያት ከወሎና ከትግራይ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የሰፈሩ ወገኖች ደግሞ የእህል እርሻ እውቀት ይዘው ወደ እንሰትና ጎደሬ ምድር መጡ። የሁለቱን ወገኖች ልጆች በአንድ መደብ ላይ ለማስተማር መልካም አጋጣሚ ነበር፤ የሠፈራው ፕሮግራም ግን ለዚህ አልታሰበም።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለአፍ መፍቻ ቋንቋዎች በር ከፈተ፤ ይህም የተክሎችን አገርኛ ስሞች ወደ መማሪያ መጽሐፍ ለማስገባት የሚያስችል ነበር። ዳሩ ግን በዚያው ጊዜ ግብርና ራሱን የቻለ ትምህርት መሆኑ ቀርቶ በአካባቢ ሳይንስ ውስጥ ተዋጠ። በቅርቡ በተሻሻለው ሥርዓተ ትምህርት ግብርና ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተመልሷል። መመለሱ መልካም ነው። ነገር ግን ብዙ የገጠር ልጆች እዚያ ክፍል ሳይደርሱ ትምህርት ያቋርጣሉ፤ የሚደርሱትም ጎመን ከሚቀነጠስበት ዕድሜ አልፈዋል።

ጊዜው አይጠብቀንም። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካ ደን ደግሞ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነው ተመዝግበዋል። ከደኑ ዳር ያለው የጓሮ እውቀት ግን በአብዛኛው በእናቶች ትውስታ ተይዞ ይገኛል። ቡና ገንዘብ በማምጣቱ የጓሮውን መሬት በተሻማ ቁጥር፣ ልጁ የሚማርበት መደብ ይጠባል።

ከታሪኩ ሦስት ነገሮችን እንወስዳለን። አንደኛ፣ የትምህርት ቤት መደብ የገቢ ምንጭ ከመሆኑ በፊት መማሪያ ይሁን፤ የቅጣት ቦታም ከቶ አይሁን። ሁለተኛ፣ የአካባቢው እናቶች በእንግድነት ሳይሆን በመምህርነት ይጋበዙ፤ ለድካማቸውም ይከፈላቸው። ሦስተኛ፣ አትክልት የተከለው ልጅ ሒሳቡንና ቋንቋውን እንደ ከተማው ልጅ ይማር፤ የ1966ቱ ወላጆች የጠየቁት ይህንኑ ነበርና። እናንተ ተመራቂ ተማሪዎችም ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ስትፈልጉ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ቀጥላችሁ ወደ ጓሮው ጎራ በሉ።