ልጆች ለራሳቸው የሚናገሩት ንግግር እንዴት መጠናት ጀመረ
ሕፃናት ሲጫወቱ ማንንም ሳያነጋግሩ ድምፅ አውጥተው የሚናገሩትን ንግግር በጄኔቭ ያጠናው ዣን ፒያጄ፣ እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ «ራስ ተኮር ንግግር» ብሎ የሰየመው ሲሆን፣ ስያሜውም የሰሚውን አመለካከት ከግምት የማያስገባና ልጁ ከሌሎች ጋር መግባባትን ሲለምድ የሚከስም ንግግር ማለት ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሌቭ ቪጎትስኪ ግን በሞተበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1934፣ በታተመው ሥራው ይህ ንግግር እንደማይጠፋና ወደ ውስጥ ገብቶ ድምፅ አልባ ሐሳብ እንደሚሆን ተከራከረ። በማስረጃነት ካቀረባቸው ምልከታዎች ለፈጠራ ጥናት እጅግ የከበረው፣ ትራም እየሳለ ሳለ እርሳሱ የተሰበረበት የአምስት ዓመት ተኩል ልጅ፣ መሰበሩን ለራሱ ካጉተመተመ በኋላ የውሃ ቀለም አንሥቶ በአደጋ የተሰባበረ ትራም መሳሉ ነው፤ የሆነውን ነገር ብቻ የገለጸ የሚመስለው ቃል የሥዕሉን ርዕስ ለውጦ ቀጣዩን ሥራ መርቷልና።