ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንድ እርማት አለብኝ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሰኞ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለን ክፍል እንደገባን አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ በንጉሡ ጊዜ የነበረውን መዝሙር ማነው የጻፈው?" አያቷ ጨንቻ ተማሪ ሳሉ የዘመሩትን እስከ ዛሬ በቃላቸው ይወጡታል አሉ። እኔ ሆዬ ምንም ሳላመነታ "ጸጋዬ ገብረ መድኅን" ብዬ መለስኩ። ሁሉም ደብተሩ ላይ ጻፈ።

ማታ ሲቀላ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ደነገጥኩ። ጸጋዬ ግጥሙ የአፍሪካ ኅብረት መዝሙር የሆነለት ሰው ነው። የንጉሡ መዝሙር በዘውድ በዓሉ ቀን ሲዘመር እሱ ገና አልተወለደም! የታሪክ መምህር ነኝ እንግዲህ። ደብተር ላይ የተጻፈ ስህተት ደግሞ በቀላሉ አይጠፋም፣ ለዚህ ነው እዚህ ሁሉም በሚያየው ቦታ የማርመው።

ሰውየው ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ይባላል። በ1887 ዓ.ም. ጎጃም፣ ደብረ ኤልያስ ተወለደ። ደብረ ኤልያስ ማለት የቅኔ አገር ነው፤ ዮፍታሔም ዜማውንና ቅኔውን ከዚያው ከቤተ ክህነት ነው የቀሰመው። በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማረ። አዎ፣ መምህር ነበር! ቴአትር በአገራችን እግር ያወጣው እንደሱና እንደ መላኩ በጎሰው ባሉ መምህራን ነው፤ ድርሰቱን ይጽፋሉ፣ ተማሪዎቻቸው ይጫወቱታል።

"ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ" የሚለው መዝሙር ግን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ እኔን በጣም የሚገርመኝም ይሄ ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሲሄዱ የአርመን ገዳም ውስጥ የሙዚቃ ጓድ ያያሉ። ልጆቹ ከቱርክ ጭፍጨፋ የተረፉ ወላጅ አልባዎች ናቸው። አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ "አርባ ልጆች" ተባሉ። (እኛ አርባ ምንጮች ነን፣ አርባ ቁጥር ስንሰማ ጆሯችን ይቆማል።) መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የአይንታብ ሰው ነው፣ እሱም አገሩን ያጣ አርመን። የመዝሙሩን ዜማ የሠራው እሱ ሲሆን ቃሉን የሰጠው ዮፍታሔ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ተሰማ። አስቡት፤ ወገኑ ያለቀበት ስደተኛ ዜማውን ሠራ፣ የደብረ ኤልያስ ቅኔ ተማሪ ደግሞ ቃል አለበሰው። ሁለቱን ያገናኛቸው የነሐስ ጥሩምባ ነው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ጣሊያን ሊወር ሲያሰፈስፍ በ1927 ክረምት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ ምኒልክ አደባባይ ላይ በንግግር፣ በግጥምና በዜማ ሕዝቡን ይቀሰቅሱ ነበር። ዮፍታሔ ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 ጣሊያን መረብን ተሻገረ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ ተማሪዎች ሁሌ "ዘፈን በጦርነት ምን ይሠራል?" ስለሚሉኝ። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 1929 ላይ፣ ግራዚያኒ ጠንቋዮችና እየዞሩ የሚያዜሙ ተረት ነጋሪዎች እየተያዙ እንዲረሸኑ አዘዘ። የጣሊያን አገዛዝ በቅርብ ይወድቃል የሚል ወሬ ይነዛሉ ብሎ ነው። መትረየስና አውሮፕላን ያለው ጦር ማሲንቆ ፈራ። ዘፈን ምን እንደሚሠራ ጠላት ከኛ በላይ ገብቶት ነበር።

ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደደ። የተመለሰው በ1933፣ ነፃነት ሲመለስ ነው። የወረራውን ዘመን በምሳሌ የተናገረበት "አፋጀሽኝ" የተባለው ቴአትሩ ስሙን ያስጠራል። ብዙ ግን አልቆየም፣ በ1939 ዓ.ም. አረፈ። ገና 52 ዓመት ገደማው ነበር። ዮሐንስ አድማሱ ሕይወቱንና ሥራውን አጥንቶ ባይጽፍልን ኖሮ ዛሬ ከስሙ በቀር ስንቱን እናውቅ እንደነበር እንጃ።

እንዲህ ያለ ነገር የኛ ብቻ አይደለም። የቬትናሙ ቫን ካኦ በፈረንጆች 1944 በምስጢር ለትግሉ የጻፈው ዘፈን በዓመቱ የአገሩ መዝሙር ሆነ። በኋላ ሰውየው ከመንግሥት ጋር ተቃቃረና ሌሎች ዘፈኖቹ ለረጅም ዓመታት እንዳይሰሙ ተደረገ። መዝሙሩ በየጠዋቱ ይዘመራል፣ ደራሲው ቤቱ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

የኛው መዝሙር ዕጣ ሌላ ነው። ንጉሡን ስለሚያወድስ ንጉሡ ሲወርዱ አብሮ ወረደ። በ1967 የአሰፋ ገብረ ማርያም ግጥምና የዳንኤል ዮሐንስ ዜማ ተተካ። በ1984 ደግሞ እናንተ የምትዘምሩት መጣ፤ ግጥም ደረጀ መላኩ መንገሻ፣ ዜማ ሰለሞን ሉሉ። እኔ አሮጌው ይመለስ አላልኩም፣ ኮሜንት ላይ እንዳትጣሉ። ግን በየጠዋቱ ደረታችን ላይ እጅ አድርገን የምንዘምረውን ሰው ስም አለማወቃችን፣ እኔ መምህሩ ጭምር፣ ያሳፍራል።

እና ሰኞ ደብተራችሁን አውጡ፣ "ጸጋዬ" የሚለውን ሰርዛችሁ "ዮፍታሔ ንጉሤ፣ ዜማ ኬቮርክ ናልባንዲያን" ብላችሁ ጻፉ። ያቺ ተማሪዬ ደግሞ ፈተና ላይ ጉርሻ ነጥብ አላት። አያቷን ጨንቻ ሄጄ በስልኬ ልቀዳቸው ቀጠሮ ይዘናል። ዲታ፣ ቦንኬ፣ ካምባ ያላችሁም፣ በጣሊያን ጊዜ የተዘፈነ በጋሞኛ የሚያስታውስ ሽማግሌ ወይም እናት ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እመጣለሁ።