ዳዊት የሚያስደግም አባትና የሰሞን መሬት

«የድሮ አባቶች ልጆቻቸውን በሃይማኖት ኮትኩተው አሳደጉ» ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ። በቢቸናና በሞጣ አባት ልጁን ዳዊት የሚያስደግመው ለነፍሱ ብሎ ብቻ አልነበረም። መሬትም ነበረበት።

ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። እንዲህ ያለ ደብር ሲተከል ለካህናቱና ለደብተሮቹ መሬት ይደለደላል። መሬቱን የያዘ ይቀድሳል ወይም ማኅሌት ይቆማል፤ ካልቻለ ተተኪ ያቆማል። የእኛ ቄስ ደግሞ ሚስት አግብቶ የሚቀስስ ነውና ልጅ አለው። ልጁ ካልተማረ አገልግሎቱ ለሌላ ሰው ያልፋል፤ ከአገልግሎቱ ጋር እርሻውም ይሄዳል። ማታ በምድጃ ዳር ልጁ ሲያንቀላፋ የሚቀሰቅሰው አባት ይህን ሳያስብ አይቀርም። (ሴት ልጅ ርስት ብትወርስም መቅደስ አትገባምና ይህ የማታ ትምህርት እምብዛም አልደረሳትም። ይህን አብረው የሚያነሡት ጥቂቶች ናቸው።)

ካህን ያልሆነው ባለርስት ገበሬም ቢሆን ለልጁ ሁለት ነገር ያስጠናዋል፤ አንዱ «አባታችን ሆይ» ነው፣ ሌላው የትውልድ ሐረጉ። እስከ አቅኚው አባት ድረስ መቁጠር ያልቻለ ልጅ በርስት ክርክር አፉ ይያዛል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ የሞጣና የቢቸና ገበሬ ጠመንጃ ያነሣው በገንዘቡ መጠን ብቻ ተቆጥቶ አልነበረም። መሬቱ ከተለካ ርስቱ ያበቃለታል ብሎ ፈርቶ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉንም በመሬት መተርጎም ስሕተት ይሆናል። እምነቱ በደንብ የያዘለት ልጅ ብዙ ጊዜ ለአባቱ ኪሳራ ነበር። ከብት ጠባቂው ልጅ አንድ ቀን ከብቱን ጥሎ ቅኔ ፍለጋ ይኮበልላል። ቢቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲኬድ ደግሞ ደብረ ወርቅ ማርያም። ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ነው። በ1958 ዓ.ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ወላጆቹ የተሳሉት ልጅ አድርገው መሳላቸው ያለ ነገር አይደለም፤ አገሩን ያውቁታል።

የኮበለለው ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከውሻ ጋር ይታገላል። የሚማረው በአገሩ አይደለምና ደጃፉ ላይ የሚቆምለት አባት የሌላ ሰው አባት ነው። የሞጣው አባት የቢቸናን ልጅ ያበላል፣ የቢቸናው የሞጣን። ቁራሹን ከሞሰብ አንሥቶ እስከ ደጅ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ የቤቱ ትንሽ ልጅ ነው። ያ ልጅ ከዳዊቱ ይልቅ ከዚያች ደጃፍ የተማረው ሳይበልጥ አይቀርም። ከማን ቤት እንደመጣ ሳይጠየቅ የሚሰጠው እንጀራ ለቤቱ መሬት አያመጣም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። የሰሞኑም የርስቱም ነገር በአንድ አዋጅ አከተመ። ከዚያ በኋላ ልጁን ጾመ ድጓ ያስተማረ ቄስ ለልጁ የሚያወርሰው ማሳ የለውም፤ ሐረግ ያስቆጠረ ገበሬም የሚሟገትበት ሸንጎ የለውም። ይባስ ብሎ በውይይት ክበቡ ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው ይባል ነበር። ያቆሙ አባቶች ነበሩ። ፈርተውም ይሁን ጥቅሙን አጥተው፣ ልጃቸውን ለቀለም ትምህርት ብቻ ሰጡት። በዚያ ዘመን ይህን ማድረጋቸው የሚያስወቅስ አይመስልም፤ ዲፕሎማ እንጀራ ያበላል፣ ድጓ አያበላም።

ያላቆሙትም ነበሩ። ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና አስነሡ፤ ማተብ አሰሩ፤ የወር ማኅበራቸውን ጠበል ጻዲቅ በቤታቸው አደረሱ፤ ሰባት ዓመት የሞላውን ልጅ ከጿሚው ጋር እስከ ቅዳሴ መውጫ አስቆዩት። ልጁ ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት ይውላል። ማታ ሲመለስ አባቱ ዳዊቱን ከማኅደሩ አውጥቶ፣ ኩራዙን አብርቶ ይጠብቀዋል።